ኡባልዲና በሬ ልትለምን ስትሄድ

ኡባልዲና ኮሊቮሮ ከእግዚአብሔር ጋር ስታወራ የሰማ እንግዳ፣ ጓዳ ውስጥ አንድ የቤት ሰው ያለ ይመስለዋል። ድንች ስትቆፍር ታወራዋለች፤ ዶሮ ስታባርር ታወራዋለች፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ሲላት ደግሞ «ዓይኔን ከወሰድከው እጄን አቅናልኝ እንጂ!» ትለዋለች። ሌላ ሰው ቢናገረው ድፍረት ይሆን ነበር። ከሷ አፍ ሲወጣ ግን ማንም ክፉ አይለውም፤ ስሙን በጸሎት ስትጠራ አንገቷን እንዴት እንደምትደፋ ሁላችንም አይተናል።

ወደ እኛ ደሴት ቄስ የሚመጣው ባሕሩ ሲፈቅድ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ የቺሎኤ ትንንሽ ደሴቶች ሁሉ ጸሎት ቤታችንን የሚመራው ከመካከላችን የተመረጠ ሰው ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ይህ ኃላፊነት የኡባልዲና ሆነ። መቁጠሪያ የምታስደግም እሷ፣ ቄስ ሳይደርስለት የሚያጣጥረውን ሕፃን የምታጠምቅ እሷ፣ ሬሳ የምትሸኝ እሷ። ባሏን ቤላርሚኖንም ራሷ ጸሎቱን አድርሳ ነው የቀበረችው። ድምጿ አንዴም አልተሰበረም፤ ቤቷ ገብታ ምን እንደሆነች ግን የምታውቀው ምድጃዋ ብቻ ናት።

አንድ አባባል አለቻት፤ «እሱ ያውቃል» የምትል። ይህን የምትለው እንዲሁ ለአፏ ያህል አይደለም። ባሏ በሞተበት ክረምት ዱቄቱም ድንቹም አልቆባት፣ ልጇ ሮሳልባ ገና ትንሽ ሳለች፣ ባዶ ውሃ በድስት ጥዳ «እሱ ያውቃል» ብላ ቁጭ አለች። ውሃው ሳይፈላ ጎረቤቷ ሄርሚንዳ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። አሳማ አርደው ኖሮ፣ በልማዳችን የጎረቤት ድርሻ የሆነውን ሥጋና የድንች ቂጣ በትልቅ ሳህን ቆልላ ይዛለች። ከዚያ ወዲያ ኡባልዲናን ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት ማስጠራጠር ዓለትን በማንኪያ መቆፈር ነው።

እንግዲህ የዘንድሮው ጉድ የመጣው ከዚሁ ከእምነቷ ነው፤ ወይም እኛ እንደዚያ መሰለን።

ቤቷ የባሕሩ አፋፍ ላይ ነበር። አያቷ ሲሠሩት ከቤቱ ፊት የድንች ማሳ፣ ከማሳው ቀጥሎ የፖም ዛፎች ነበሩ፤ ገደሉ ከዚያ ወዲያ ነው። ባሕሩ በየክረምቱ እየገዘገዘ ዛፎቹን በላ፤ ማሳውን አስከተለ። ዘንድሮ ደግሞ የማገዶ ቤቷን ጥግ ይዞ ወረደ። ከዓመቱ ሁሉ ከፍ የሚለው የመጋቢት ማዕበል ሲመጣ፣ ተራው የማድቤቱ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው። እኛ ዘንድ ቤት እንጨት ነው፤ ቦታው ከከፋ ቤቱ ይሄዳል። በርና መስኮቱ ይነቀላል፣ ከሥሩ ሁለት ረጃጅም ግንዶች ይገባሉ፣ በሬ ይጠመዳል፣ ሰው ሁሉ ገመድ ይይዝና ቤቱን ወደ ደህና መሬት ይወስደዋል። ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይሄ ነው። ደቦው ግን ሕግ አለው። ባለቤቱ ራሱ የፖም ጠጅ በገንቦ ይዞ፣ በየቤቱ ደጅ ቆሞ መለመን አለበት። የተለመነ ሰው እምቢ አይልም፤ ነውር ነው። ያልተለመነ ሰው ደግሞ አይሄድም፤ እሱ የባሰ ነውር ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉታል። መጀመሪያ የሚንኳኳውም የበሬው ባለቤት በር ነው፤ በሬ ሳይያዝ ሰው አይለመንም።

ቤት መጎተት የሚችሉ በሬዎች ያሉት ደግሞ አውዲሊዮ ናዌልኪን ብቻ ነው። ነገሩ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው።

አውዲሊዮ የኡባልዲና አበልጅ ነው፤ ሮሳልባን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በናዝሬቱ ኢየሱስ ክብረ በዓል ቀን፣ የጌታን ምስል ከተሸከሙት ወንዶች አንዱ ሆኖ ሲወጣ እግሩ ተወላገደ። ጠጥቶ ነበር። ወሳንሳው ዘመም ሲል ሴቶቹ ጮኹ። ኡባልዲና ደግሞ የጌታ ነገር ሲሆን ደሟ ይፈላል። ዑደቱን አስቁማ፣ በሕዝብ ፊት መሸከሚያውን ከጫንቃው ላይ አነሳችና፣ «ጌታን የሚሸከም ሰው እንዲህ አይወላገድም! ሂድ፣ በሬህን ጠብቅ!» አለችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መጠጣቱ እውነት ነበር፤ ሚስቱን ኤልባን ግን በዚያው ሰሞን አፈር ያለበሰቻት ራሷ ኡባልዲና ነበረች፤ ለምን እንደጠጣም ከሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አውዲሊዮ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት ውስጥ አላየችውም፤ መንገድ ላይ ቢገናኙም ሰላምታ የለም።

ስለዚህ ኡባልዲና በሬ አልለመነችም። በምትኩ በየማታው ጸሎት ቤት እየገባች ለእግዚአብሔር ታመለክታለች። ገና አለፈ፤ ቤት የሚጎተትበት ደረቁ ወቅት አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ደረሰ። እሷ «ታየው የለ? ምን ትጠብቃለህ?» እያለች ትጨቀጭቀዋለች። እኛ ደግሞ ገመዳችንን አዘጋጅተን፣ መቼ ታንኳኳብናለች እያልን በራችንን እናያለን።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽን ይዘሽ ልትዋኚ ነው?» አለቻት ሄርሚንዳ አንድ ቀን፣ አፋፉ ላይ ቆማ ወደ ታች እያየች።

«እሱ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። እኛም እናውቃለን። ማዕበሉም ያውቃል። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ሲሻው በሬ ይፈጥራል፣ ሄርሚንዳ።»

«የፈጠራቸውማ እነዚያውልሽ፣ ማዶ ሣር ይግጣሉ! ጎራ ብሎ ማንኳኳት ነው ያቃተሽ።»

ኡባልዲና የማድቤቱን በር ጓ አድርጋ ዘጋችባት። ሄርሚንዳም ከውጭ ሆና፣ «በሩንማ ቀስ! ገደሉ ይሰማል!» ብላ ጮኸችላት።

የጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ኡባልዲና እንደ ልማዷ የዕለቱን ምንባብ ልታነብልን ቆመች። ስትጀምር የትኛው እንደሆነ ልብ አላለችም ነበር። ጌታችን በምድረ በዳ ከጾመ በኋላ፣ ሰይጣን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «እስቲ ራስህን ጣል፤ መላእክት ይይዙሃል» ያለው ታሪክ ነው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ አለ። እኛ ሁላችን ዓይናችንን ጫማችን ላይ ተከልን። ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ብቻ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሄርሚንዳ ናት፤ ጉንፋን ግን አልነበረባትም። አምላክን መፈታተን አይገባም የሚለውን የጌታን መልስ ኡባልዲና ጀምራ አቆመች፤ እንደገና ጀምራ እንደገና አቆመች። በመጨረሻ አነበበችው። ባሏን ስትቀብር ያልተሰበረው ድምጽ ያን ቀን ተሰበረ።

ሰው ከወጣ በኋላ ብቻዋን ቀረች። ያን ያህል ዘመን ስታወራው የኖረችው ጌታ ፊት ምንም የምትለው ጠፋት። እምነቷ ውሸት አልነበረም፤ ይህን እሷም እሱም ያውቃሉ። ከእምነቷ ጎን ግን አንድ እልህ ተሸጉጦ ይኖር ነበር፤ እሱን ስትቀልበው የኖረችው በጸሎት ነው። አፈረች፤ በጣም አፈረች። ከዚያ ተነስታ ቤቷ ሄደችና ገንቦዋን በፖም ጠጅ ሞላች።

የአውዲሊዮን በር ስታንኳኳ ዝናቡ ያካፋ ነበር። ከፈተና ቆሞ አያት። ፀጉሩ ጨርሶ ሸብቷል።

በልመና ጊዜ የሥጋ ወንድምህን እንኳ ቢሆን አንቱ ነው የምትለው። ኡባልዲናም አንገቷን ደፍታ፣ «በእግዚአብሔር ስም ደጅዎ ቆሜአለሁ። ቤቴ ተቸግሯል። እጅዎንና በሬዎችዎን ልለምን መጥቻለሁ» አለች።

«አንቱታው ይቅርብሽ። ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ» አለ አውዲሊዮ። ከዚያ ገንቦውን አየና፣ «እሱን ግን እዚያው ደጅ ተይው።»

«እንዴ፣ ካልጠጣህማ ልመናው አልተያዘም።»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ አፌ አልገባም፣ ኡባልዲና።»

ገንቦዋን እንዳቀፈች ቀረች። ጥርት ያለ ፊቱን፣ የማይንቀጠቀጥ እጁን ያኔ ነው ያየችው። በአንድ ደሴት እየኖረች፣ አበልጇ ከመጠጥ መላቀቁን ሳታውቅ ይህ ሁሉ ዘመን አልፏል።

«በውሃስ ይሆናል?» አለች ቀስ ብላ።

«ጌታ በቃና ውሃውን ወይን አድርጎት የለ? እኛ ወይኑን ውሃ ብናደርገው ምን ይለናል ብለሽ ነው?» ብሎ ሁለት ኩባያ ውሃ ቀዳ። ቆመው ጠጡ።

«ስለዚያ ቀን…» አለች።

«ጠጥቼ ነበር። መሸከም አልነበረብኝም።»

«እኔም በሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም። ኤልባን ገና መቅበራችን ነበር። እንኳን አንተ፣ ጌታም አዝኖብኛል።»

አውዲሊዮ ኩባያውን አስቀመጠ። ቀጥሎ «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰዳት። በሬዎቹ ከሚያድሩበት ዳስ ሥር ሁለት ረጃጅም ግንዶች ተጋድመዋል። ልጣጫቸው ተልጧል፤ ጫፋቸው እንደ ጀልባ አፍንጫ ተጠርቧል፤ ሆዳቸው ስብ ተቀብቷል። አጠገባቸው አዲስ ቀንበር ቆሟል።

«የማንን ቤት ልትጎትት ነው?»

«ያንቺን ነዋ! በገና ሰሞን የቆረጥኳቸው ናቸው። እርጥብ ግንድ ከባድ ነው፣ እንዲደርቅ ብዬ።»

«ሳልለምንህ?»

«ሳትለምኚኝ መምጣት አልችልም። መቁረጥ ግን ማን ይከለክለኛል?»

ኡባልዲና ግንዱ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ በዝናቡ ተቀላቅሎ ወረደ። «እኔ እኮ በየማታው ለምን ዘገየህ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር» አለች።

«ማንን?»

«እሱን።»

ከዚያ በኋላ ልመናው ሠርግ እንደ መጥራት ቀለላት። በየደጁ ገና አፏን ሳትከፍት «እሺ» የሚላት በዛ፤ አንዳንዱማ «እንዲያው ገደሉ እስኪያልቅ ልትጠብቂ ነው ብለን ነበር» እያለ ጠጁን ቀመሰላት። ደቦው የወጣው በሳምንቱ ማለቂያ ነው። በጾም ደቦ የጠራ ሰው ስለሌለ ቀልዱ አላባራም። ሥጋ የለም፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ግሎ፣ የባሕር ቀንድ አውጣና ድንች በትልልቅ ቅጠል ተሸፍኖ ይበስላል። ወንዶቹ ግንዱን ከቤቱ ሥር አስገቡ፤ አውዲሊዮ በሬዎቹን በየስማቸው ጠራ፤ ቤቱም አንዴ አቃስቶ ከአያቷ መሠረት ተነቀለ።

ቤቱ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ። በሬዎቹ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ገመዱ እስኪያፏጭ ተወጠረ።

«እማማ ኡባልዲና፣ ይጸልዩ እንጂ!» ብሎ ጮኸ አንድ ጎረምሳ።

«እየጎተትኩ ነው የምጸልየው! አንተም አፍህን ዘግተህ ጎትት!» አለችው፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ። ሰው ሲስቅ ጉልበት ተጨመረ መሰለኝ፣ ቤቱ ዘለል ብሎ ወጣ። አመሻሹ ላይ ከገደሉ ርቆ፣ ለጥ ያለ ሣር ላይ ቆሞ ነበር።

ምግቡ ተበላ። ከመበታተን በፊት የቤቱ ባለቤት ምስጋና ማድረስ አለባት፤ የኡባልዲና ጸሎት ደግሞ ረጅም እንደሆነ ስለምናውቅ ተመቻችተን ተቀመጥን። ተነሳች። አፏን ከፈተች፤ ከለቅሶ በቀር የሚወጣ ነገር አጣች።

«አበልጄ፣ አንተ አድርስልን» አለች።

ሁላችንም ወደ አውዲሊዮ ዞርን። ፊቱ ቀላ። ባርኔጣውን አወለቀና ጭቃ በጭቃ በሆነው እጁ ደረቱ ላይ ያዘው። ቀጥሎ ጀመረ። «ባሕር ላይ ላሉት ዳርቻ ስጣቸው። በሰው አገር ላሉት የሚከፈትላቸው ደጅ ስጣቸው። እዚህ ለቀረነው ልብ ስጠን…»

ኡባልዲና ቀና አለች። ይህ ጸሎት በየትም አልተጻፈም። ሮሳልባ ለሥራ ወደ ዋናው ምድር የሄደች ጊዜ፣ ከጭንቋ ብዛት ራሷ የደረሰችው ነው፤ ይህም ዐምና የሆነ ነገር ነው። አውዲሊዮ አንዲት ቃል አልሳተም። እሷ የምትተነፍስበት ቦታ ይተነፍሳል፤ እሷ ዝግ የምትልበት ቦታ ዝግ ይላል።

ወደ ሄርሚንዳ ጠጋ ብላ፣ «ይህን የት ሰማው?» አለች በሹክሹክታ።

«ከጸሎት ቤቱ መስኮት ሥር ነዋ። በየእሑዱ እዚያ ነው የሚቆመው፤ ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን። አንቺ ከመሠዊያው ዞር ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

አውዲሊዮ ጸሎቱን ጨረሰ። ሁላችንም «አሜን» አልን። ኡባልዲና ዘገየች፤ የሷ አሜን የኛ ካለቀ በኋላ ብቻውን ተሰማ።