ከውጭ የመጣ ተሸካሚ የለንም

የዘይት ፋብሪካችን ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በደርግ ጊዜ እዚያ ጥገና ክፍል ውስጥ ቶርኖ ላይ የምሠራ ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ ጣሊያን ሲሄድ ስሙን ትቶልን ሄዷል። ሌላውም ዕቃችን እንደዚያው ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ። ይህን የማወራው ለወግ አይደለም። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣብን በአንድ ቃል ነው።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ካለው የበላይ መሥሪያ ቤታችን ሰርኩላር መጣ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ለማዳን ቆርጦ ተነስቷል፤ ፋብሪካዎች ከውጭ የሚገባውን መለዋወጫ በአገር ውስጥ ይተኩ፣ እርስ በርስም ይወዳደሩ ይላል። ሐሳቡን ዛሬም አልጠላውም። ችግሩ ጸሐፊው ነው። የፈረንጅ ቃል ላለመጻፍ ምሎ ነው መሰለኝ፣ ሁላችንም የምናውቀውን ኩሽኔታ ትቶ "ተሸካሚ" አለው። እርግጥ ኩሽኔታ የሚሽከረከረውን ዘንግ ይሸከማል፤ ግን ማን ነገረን? "ከውጭ የመጡ ተሸካሚዎች ስንት እንዳሏችሁ በአስቸኳይ አሳውቁ" ይላል ወረቀቱ።

የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ በድቁና ያደጉ የመንዝ ሰው ነበሩ። ፊደል ያሳሳተ ማመልከቻ ይዞ የገባ፣ ተግሣጹን ሳይጠግብ አይወጣም። "ሴት ልጅ ቶርኖ ላይ?" ተብሎ ሲሳቅብኝ፣ ማመልከቻዬን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው የተሟገቱልኝ እሳቸው ናቸው። አባባ ነበር የምላቸው።

አባባ ሰርኩላሩን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን ጠርገው ተሸካሚዎቻችንን ቆጠሩ። ጆንያ የሚሸከሙትን ሰዎች ማለቴ ነው። ከዚያም በሚኮሩበት አማርኛ መልሱን ጻፉ፦ "ፋብሪካችን ከውጭ የመጣ ተሸካሚ የለውም። ያሉን ተሸካሚዎች በሙሉ የአካባቢው ተወላጆች፣ ጠንካሮችና ታታሪዎች ናቸው።" ሥራ አስኪያጁ ሳያነብ ፈረመ። መቼ አንብቦ ያውቃል!

አዲስ አበባ ያለው ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ ኖሯል፣ ከውጭ የሚገባ ኩሽኔታ አያስፈልጋቸውም ብሎ ፋብሪካችንን ከድልድሉ ሰረዘው።

ይህን ያወቅነው ከወራት በኋላ፣ ኑጉን ከታች ወደ መጭመቂያው የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዘንግ ኩሽኔታው ሲሰባበር ነው። ግምጃ ቤቱ ባዶ። አዲስ አበባ ብንጽፍ፣ "የለንም ብላችሁ አረጋግጣችሁ የለም እንዴ? ሐሰተኛ መረጃ የሰጠውን ሰው የሚያጣራ ኮሚቴ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይደርሳል" የሚል መልስ መጣ።

በዚያ ዘመን ከሐሰተኛ መረጃ እስከ አሻጥር አንድ እርምጃ ነው። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ተመልሶ መምጣቱን ማንም አያውቅም። ወደ መዝገብ ቤት ሮጥኩ። አባባ ደብዳቤውን ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ተሸካሚ ሌላ ትርጉም አለው እንዴ?"

"ኩሽኔታ ማለታቸው ነው፣ አባባ።"

"ታዲያ ኩሽኔታ አይሉም?"

ሳቄ መጣ፤ ግን የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ሊያስረክቡ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ አየሁ። እኔ ሳዝን አላለቅስም፣ እናደዳለሁ። "አይስጉ፤ ኮሚቴው ሳይመጣ ማሽኑ ይዞራል!" ብዬ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። በምን እንደሚዞር ግን አላውቅም ነበር። ምን ላድርግ፣ አፌ ከእጄ ይቀድማል።

እስከዚያው ኑጉን ወደ ላይ የሚያወጡት ተሸካሚዎቹ ሆኑ፣ በጀርባቸው፣ በደረጃ። አለቃቸው የወለንጪቲ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። አንድ ጠዋት ጆንያቸውን አውርደው ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ይኸው፣ ተሸካሚ በተሸካሚ ተተካ!" ብለው ፋብሪካውን በሳቅ አናጉት። ወሬው ለካ ሁሉም ዘንድ ደርሷል። ሳቅ ግን መጭመቂያ አያጠግብም። በፋብሪካዎች ውድድር ሰሌዳ ላይ መጨረሻ ሆንን።

ዘንጉን ፈትቼ ሳጸዳ ከሥሩ የተወሸቀ አሮጌ የእንጨት ሽብልቅ አገኘሁ። ማን እንዳስገባው እግዜር ይወቅ። ብረቱ ለዓመታት እየተሻሸበት፣ የፈሰሰውን ዘይት እየጠጣ፣ እንደ መስታወት አብረቅርቋል እንጂ አልተበላም። ዘንጉ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ እንጨት ለምን አይሸከመውም?

ከባሕር ዛፍ ቀርጬ ገጠምኩ። ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨሰ። "የማገዶ ቴክኖሎጂ!" አለ አንዱ ሜካኒክ፤ መልሱን ሰጥቼዋለሁ፣ እዚህ ግን አይጻፍም።

ኦቦ አልሳቁም። የተቃጠለውን እንጨት አንስተው አገላበጡት።

"እህቴ፣ ይሄ ለማገር ነው። ለዚህ ኤጀርሳ ነው የሚሆነው።"

ኤጀርሳ ወይራ ነው። ወይራ ቆርጦ መገኘት ያስቀጣል፤ ባያስቀጣም እሁድ እሁድ ችግኝ ለመትከል እየተሰለፍኩ፣ ሰኞ መጥረቢያ ማንሳት ከራሴ ጋር ያጣላኛል። ይህንኑ ነገርኳቸው። በማግስቱ የተሰነጠቀ ትልቅ የወይራ ሙቀጫ ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ።

"አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? የእናቴ ነው። እኛን አሳድጎ ጨርሷል፤ አሁን ደግሞ ማሽን ያሳድግ።"

ከወፍራሙ መቀመጫው ቆርጬ፣ ቁራጮቹን በርሜል ውስጥ በገዛ ዘይታችን ቀቀልኳቸው። በእንጨቱ ውስጥ የተደበቀው እርጥበት አረፋ እየሆነ ይወጣል፤ አረፋው ሲያቆም እዚያው እንዲቀዘቅዝ ይተዋል፣ ያኔ ዘይቱ በእርጥበቱ ቦታ ይገባል። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ቶርኖ ላይ አስሬ በዘንጉ ልክ በሳኋቸው። ሥራ አስኪያጁ ኃላፊነቱን ፈርቶ ማብሪያውን አልነካም አለ። እኔው ነካሁት።

ዞረ! አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ዞረ። እጄን ባሳርፍበት ለብ ከማለት በቀር ምንም የለም። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን ጥለው አጨበጨቡ፤ እኔም ያለ እፍረት ጨፈርኩ።

ማሽኑ በዞረ በአምስተኛው ቀን ኮሚቴው ደረሰ። ሊቀመንበሩ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ የአባባን ደብዳቤ ጮክ ብሎ አነበበና፣ "ይህን የጻፈው ማነው?" አለ። አባባ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ወደ ፊት ወጡ።

"ጓድ፣ ደብዳቤው ምኑ ላይ ነው ሐሰት?" አልኩና የዘንጉን ክዳን ከፈትኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ፤ በጣቱም ነካው። "ምንድን ነው ይህ?"

"ተሸካሚ" አልኩት። ኩሽኔታን በዚህ ስም ስጠራው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "ከውጭ የመጣ አይደለም። የወለንጪቲ ተወላጅ ነው።"

"ጠንካራና ታታሪ!" አሉ ኦቦ ከኋላ።

ሰውየው ጆሮውን ወደ ዘንጉ አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ። ደብዳቤው ከወይራው በወራት ይቀድማል፤ ቀኑ እላዩ ላይ ተጽፏል። አይቶታል፣ አላጣውም። ብቻ አውራ ጣቱን ቀኑ ላይ እንዳደረገ ወረቀቱን አጠፈና ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ "መረጃው ትክክል ሆኖ ተገኝቷል ብለህ ጻፍ" አለው።

ቆይቶ ለሌሎቹ ዘይት ፋብሪካዎች የእኔ ንድፍ ያለበት ሰርኩላር ተላለፈ። "ተሸካሚ፣ ማለትም ኩሽኔታ" ይላል በዚህኛው። መለዋወጫ በአገር ውስጥ ስለተካን የውድድሩም ባንዲራ በዚያ ዓመት እኛ ግቢ ገባ፤ ከባንዲራው በታች ፎቶ ስነሳ አንገቴ የቀጭኔ ያህል ረዝሟል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የኮሚቴውን ማግስት ነው። የእረፍት ፈቃድ ማመልከቻ ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። አባባ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡት፤ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ወደ ኪሳቸው ተመልሷል። ከዚያ ወረቀቱን ወረወሩልኝ።

"ሁለት ፊደል አሳስተሻል። ሂጂ፣ እንደገና ጽፈሽ ነይ!"

ተግሣጽ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።