ገበያ ላይ ሰላም የማይባለው ነርስ

ገብረመድኅን ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ሐረር ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሚስቱ በሦስተኛው ዓመት እናቴን ላስታምም ብላ ሄዳ በዚያው ቀረች። እሱ አቦከር ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ሥራው ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርስነት ነው። አልጋው ጥቂት ስለሆነ ታካሚ ከስምንት፣ ቢበዛ ከአሥር ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ ሕመሙ ከየት መጣ እያለ ብዙ አይቆፍርም፤ መቼ ትንሽ ይሻላቸው እንደነበር ይጠይቃቸዋል።

ዘቢባን ወንድሟ ያመጣት መስከረም ላይ ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። እህቷ ከሞተችባት ወዲህ መጀመሪያ ገበያ መውጣቱን፣ ኋላም መብላቱንና መናገሩን ተወች። መድኃኒት በጀመረች በሦስተኛው ቀን ገብረመድኅን አጠገቧ ተቀመጠ። ዜሮ በጣም የከፋው፣ አሥር ደግሞ ደኅና የምትሆኚበት ቢሆን ዛሬ ስንት ላይ ነሽ አላት። «ሁለት» አለች።

«ዜሮ ያልሆነው ለምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ዛሬ ፊቴን ታጥቤያለሁ» አለችው።

ሦስት እንዲሆን ምን እንደሚበቃ ቢጠይቃት፣ ጎሕ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት መነሳት አለች። በማግስቱ ተነሳች። ከዚያ ሾርባ ጠጣች። ከዚያ ድንብላል አብረው ሲለቅሙ እህቷ እንዴት ታስቃት እንደነበር አወራችው፤ እያወራችም አለቀሰች። በስምንተኛው ቀን «ስድስት ላይ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አላህ ይስጥዎት፣ ዶክተር» ብላው ወጣች።

ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ገብረመድኅን ጊደር መጋላ ወረደ። ዘቢባ መደቧ ላይ ናት፤ ፊቷ ሞላ ብሏል፤ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ትሳሳቃለች። ስታየው ሳቋ ቆመ። ሆስፒታል መተኛቷ እንዳይታወቅ ድሬ ጠያራ ገጠር አክስቷ ዘንድ ከርማ መጣች ተብሎ መወራቱን ወንድሟ ነግሮት ነበርና ገባው።

«ምን ልስጥዎት?» አለችው፣ እንደ ማንኛውም ገዢ።

«ትንሽ አብሽ።»

ጠቅልላ ሰጠችው፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

አልተቀየማትም። ባለፈው ሳምንት እሱ ያስታመመው አንድ አስተማሪ አይቶት መንገድ ተሻግሯል። ልባቸውን ከፍተው ያጫወቱት ሰዎች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል፤ መንገድ ላይ ስሙን የሚጠራ ግን የለም። ያን ቅዳሜ ከገበያ ቤቱ ከገባ በኋላ አልወጣም፤ ለምሳ የሠራውንም ሳይበላው አደረ።

ሰኞ ጠዋት ወጣቷ ነርስ ብሌን ተረኛ ነበረች። «ጋሽ ገብሬ፣ ያቺ ቅመም ሻጭ እንዴት ሆና ይሆን?» አለችው።

«ደኅና ናት።»

ከማን ሰማህ ብላ ጠየቀችው። ጋዋኑን ለበሰና አዲስ የገባችውን ታካሚ ሊያይ ሄደ።