ተራራው ላይ የቆመችው ነጥብ

ምንትዋብ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሱቁም፣ ፓልምስ ሰፈር ባለው አፓርታማዋም ብቻዋን ናት። አንድያ ልጇ ካሌብ ቶራንስ ከተማ ውስጥ መሐንዲስ ነበር፤ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ተራራ ይወጣ ነበር።

በዚህ ዓመት የሄደው ኪርጊስታንና ቻይና ወደሚዋሰኑበት፣ መኪና ወደማይደርስበት ሥፍራ ነው። የተራራውን ጫፍ የሸፈነው የበረዶ ግግር በበጋም አይቀልጥም። ከመሄዱ በፊት በእናቱ ስልክ ላይ ካርታ ጫነላትና የምትንቀሳቀሰው ቀይ ነጥብ እሱ መሆኑን ነገራት። ምንትዋብ ስልኩን ሚዛኑ ላይ አስደግፋ፣ ነጥቧን እያየች በርበሬ ትመዝን ነበር።

ማክሰኞ ነጥቧ ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብላ ቆመች። በማግስቱም አልተንቀሳቀሰችም። ምንትዋብ ለማንም አልተናገረችም። ታክሲ ነጂው ፍስሐ ሽሮ ሊገዛ ገብቶ ስልኩን አየና፣ «እትዬ ምንትዋብ፣ ልጅዎ እዚያው ፓርክ አድርጎ ቀረ እንዴ?» አላት። አብራው ሳቀች።

ዓርብ ፍስሐ ተመልሶ መጣ። አልቀለደም። ስልኩን ላለማየት ዐይኑን መደርደሪያው ላይ ተክሎ ከፈለና ወጣ። የሰፈሩ ሰዎች ክፉ ነገር መስማታቸውን ያን ጊዜ ዐወቀች።

ካሌብ ክፉ ነገር ቢመጣ እንዲደወልበት የተወው የአጎቱን ልጅ የሊያን ቁጥር ነበር። ሊያ ተደውሎ ሞቱ ሲነገራት፣ ለሰፈሩ ሽማግሌ ለጋሼ ሽመልስ ነገረች። መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ የሊያ አባት፣ የምንትዋብ ወንድም፣ ከሲያትል እስኪደርስ ሁሉም ዝም እንዲል ተስማሙ። ምንትዋብም ማወቋን ደበቀች። ሱቋን ከፈተች፣ ዘጋች። ስለ ካሌብ የሚጠይቃት ሰው ግን ጠፋ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ መኪኖች አፓርታማው ፊት ቆሙ። ምንትዋብ ለባብሳ በመስኮት ታያቸው ነበር። ለመውረድ የቸኮለ አልነበረም። ሳያንኳኩ በሩን ከፈተችላቸው። ወንድሟ ፊቷን ማየት አቃተው። መርዶውን የሚናገሩት ጋሼ ሽመልስ ነበሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለቻቸው። «መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»

ተቀመጡ። መርዶው ሳይነገር ልቅሶ አይጀመርምና አብረው የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን እንደያዙ ጠበቁ። ምንትዋብም ተቀመጠች።

«እርስዎ አይንገሩኝ፤ እኔ ልንገርዎ። ካሌብ ከማክሰኞ ጀምሮ የለም።»

ሴቶቹ ጮኹ። እሷ አላለቀሰችም። አስከሬኑን ከተራራው ያወርዱት እንደሆነ ጋሼ ሽመልስን ጠየቀቻቸው። ሄሊኮፕተር እዚያ ከፍታ እንደማይደርስ፣ ፈላጊዎቹም በውሽንፍሩ ምክንያት እንደተመለሱ ነገሯት።

«ታዲያ፣ እዚያው ነው የሚቀረው?»

«እዚያው ነው፣ ልጄ።»

«ብቻውን?» አለች። ልቅሶዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።