የቀማሹ ወንበር

ሀብተ ማርያም በዚህ ዓለም የማያምናቸው ነገሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው በገዛ እጁ ያላጠበቀው ብሎን፣ ሁለተኛው «ጠብቋል» ብሎ የሚምል ሰው። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ የአየር ጠባይ ትንበያንም ሆነ የመንግሥትን ዜና፣ ያለ ክርክር ይቀበል ነበር።

ይህን ጽኑ እምነት የወረሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ከኮምቦልቻ ጋራዥ ነው። በሃያ ዓመቱ ለመካኒክነት ሲቀጠር አለቃው የነበሩት ሽማግሌ «ብሎን እስኪያለቅስ ካልያዝከው ይከዳሃል» አሉት፤ እርሱም ምክሩን ከዐሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ አሰፈረው። በኋላም መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሃያ ዓመት ሙሉ በአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ የሽማግሌው ቃል እውነት ሆኖ አገኘው። በዚያ ሐሩርና በዚያ ኮረኮንች የማይላላ ነገር ቢኖር የፈጣሪ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ሀብተ ማርያም በመፍቻ ፈትሾ አላየውም። ስለዚህ የመፍቻውን እጀታ በብረት ቱቦ ያስረዝምና በሙሉ ክብደቱ ይንጠለጠልበታል። ብሎኑ በቃኝ ካለ በኋላም «ይህ ደግሞ የእግዜር ድርሻ» እያለ ሩብ ዙር ይጨምርለታል። የከባድ መኪና ብረት ወፍራም ነውና የእግዜርን ድርሻ ሳያጉረመርም ይከፍል ነበር። የሀብተ ማርያም መኪና አንድም ጊዜ ጎማ ጥላ አታውቅም።

በ1988 ዓ.ም. ዶሃ ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ጥበብ ሥራ ፈታ። አል ገራፋ በሚገኝ አንድ ቪላ ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ፤ ሥራውም ማዳም ሀፊዛን ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ እኅቶቿ፣ ከእኅቶቿ ወደ ሌሎቹ እኅቶቿ ማመላለስ ነበር። መኪናዋ አዲስ ናት፤ አትበላሽም፣ አትጮኽም። እጁን ሲያሳክከው አራቱንም ጎማዎች በየሳምንቱ ፈትቶ መልሶ ያስር ነበር። ጎረቤቶች የጸሎት ዓይነት መስሏቸው ዝም አሉት።

በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከባሕር ማዶ ሦስት ታላላቅ ሣጥኖች መጡ። የቤቱ ጌታ አብዱልመጂድ በጡረታ ላይ ያለ፣ በወጣትነቱ ውጭ አገር አውሮፕላን ማብረር ተምሮ ምኞቱ ግን ያልወጣለት ሰው ነበር። በሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ጥቅል ጨርቅ፣ አንዲት ትንሽ ሞተርና አንድ ከረጢት ብሎን ሲገጣጠም፣ አብሮት የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ እንደሚለው፣ ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ይሆናል። ሣጥኖቹ ኡም ሰላል መሐመድ ወደሚገኘው የቤተ ሰቡ እርሻ፣ ወደ መጋዘኑ ተወሰዱ።

«ሀብተ ማርያም፣ አውሮፕላን ታውቃለህ?» አለ ሠራተኞቹ «ባባ» የሚሉት አብዱልመጂድ፣ የሣጥኑን ክዳን እየነቀለ።

«በሚገባ፣ ባባ! ሃያ ዓመት ከአውሮፕላን ጋር ነበርኩ።»

ፈጽሞ ውሸት ነው አይባልም። ሀብተ ማርያም በእነዚያ ዓመታት ለጦር አውሮፕላኖች የሚሆን ነዳጅ ከአሰብ ደብረ ዘይት ያደርስ ነበር፤ አራግፎ ሲመለስም አንዳንድ ጊዜ ጭራቸውን ከአጥሩ በላይ አይቷል። ሙሉ ውሸት እግር ስለሌለው ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ግማሹ ግን በእውነት እግር ይሄዳልና ሩቅ ያደርሳል። ይህኛው ሀብተ ማርያምን የመጋዘኑ ዋና መካኒክ እስከ መሆን አደረሰው።

ሁለተኛዋ ባለሙያ የቤቱ ሠራተኛ አመለወርቅ ነበረች። የደሴ ልጅ ናት፤ አባቷ ልብስ ሰፊ ስለ ነበሩ መርፌ የምትይዘው እንደ ብዕር ነው፤ ምላሷ ግን ከመርፌዋ ይሾላል። የአውሮፕላኑ ክንፍ ጨርቅ ይለብሳል፤ ጨርቁ በአጽሙ ላይ ተጣብቆ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ፣ ከዚያ በልብስ ካውያ ሲተኮስ ተኮማትሮ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ባባ ይህን ባነበበ ጊዜ በየቀኑ ከአመለወርቅ ካውያ ሥር የሚወጣው ነጭ ልብሱ ትዝ አለው።

«የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የቤት ሠራተኛ ነው የሚለው» አለች አመለወርቅ፣ ክንፉን እየዞረች። «ይኼ የቱ ክፍል ነው፣ ጋሽ ሀብቴ? ሳሎን ነው ወይስ መኝታ ቤት?»

«ዝም ብለሽ ተኩሺ። አውሮፕላን ማለት ክንፍ ያለው አይሱዙ ነው።»

«አይሱዙ ሲበላሽ ወርደው ይገፉታል። ይኼንንስ?»

መልስ መስጠት የማይመጥነው ሰው መስሎ ወደ ብሎኖቹ ተመለሰ።

አመለወርቅ ሥራውን የያዘችው በልክ ነበር። ካውያው ከተወሰነ ግለት ካለፈ ጨርቁ ይቀልጣል፤ ከዚያ ካነሰም አይወጠርም። እርሷም መጽሐፉ ባዘዘው ቁጥር ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችና ከምልክቱ ንቅንቅ አላለችም። ሀብተ ማርያም ግን ሌላ ሰው ነው። ለብሎኖቹ ከሣጥኑ ጋር አንድ ቀጭን መፍቻ መጥቷል፤ በላዩ የኀይሉን ልክ የምታሳይ መርፌ አለች። ባባ ከመጽሐፉ ቁጥሩን ያነባል፤ «መርፌዋ እዚህ ስትደርስ አቁም» ይላል። ሀብተ ማርያምም ያቆማል፤ ባባ ለጸሎት ወይም ለሻይ ወጣ ሲል ግን የራሱን መፍቻ ከነቱቦው ያመጣል።

«መርፌ የልብስ ሰፊ ነው» ይል ነበር፣ የእግዜርን ድርሻ ሲጨምር።

በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ የግራውን ክንፍ የሚደግፈውን ዘንግ ሲያጠብቅ «ጭቅ» የሚል ድምፅ ሰማ። ብሎን ሲያለቅስ የሚያሰማውን ያውቀዋል፤ ይህ ግን የብሎኑ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ሲያይ የዘንጉ ቱቦ እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ጠፍጥፏል፤ ከቀዳዳውም ሽፋሽፍት የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። የዘንጉ መለዋወጫ እዚያው ባሕር ማዶ ነው፤ ለመምጣትም ወራት ይፈጃል። በአሰብ መንገድ ሃያ ዓመት የተሠራ ስም ደግሞ በአንዲት ሽፋሽፍት ሊፈርስ ነው።

በማግሥቱ አመለወርቅን ጠራት። «እዚህ ጋ ከተረፈው ጨርቅ አንድ ሽፋን ስፊልኝ። አጠር ያለች፣ ልክ እንደ እጅጌ።»

«ለምን?»

«ለጌጥ።»

አመለወርቅ ወደ ግራው ዘንግ አየች፤ ከዚያ ወደ ቀኙ፤ ከዚያ ወደ እርሱ። «ጌጥ ከሆነ ለምን በአንድ ጆሮ ብቻ?»

ሀብተ ማርያም ሳል ያዘው። እርሷም ሁለት እጅጌ ሰፋች፤ አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ። ከዚያ ወዲያ «ጋሽ ሀብቴ» ስትለው በድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ይሰማው ጀመር።

አውሮፕላኑ ተጠናቀቀ። በቤት ውስጥ ምሳ ሲነሣ ባባ በሚቀጥለው ዐርብ እንደሚያበርረው ተናገረ፤ ማዳም ሀፊዛ ሳቀች።

«ከሣጥን የወጣ ነገር ላይ? እኔ ከሣጥን የወጣ ቁም ሣጥን ላይ እንኳ ሰሃን አላስቀምጥም። ከጎንህ ማን ሊቀመጥ ነው?»

አመለወርቅ ትሪውን እንደ ያዘች፣ ዐይኗን ወደ ምንጣፉ ሰበር አድርጋ ተናገረች። «ባባ፣ በእኛ አገር ብርዝ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል።»

«ብርዝ ምንድን ነው?»

«የማር ውሃ ነው። አሳላፊው ሳይቀምስ የሰጠውን እንግዳ አይጠጣም። ቀመሰ ማለት መርዝ የለበትም ማለት ነው።»

ባባ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ይህ ልማድ ነው! ኸላስ፣ አለቀ! የገጠመው ይቀምሳል። ሀብተ ማርያም ከእኔ ጋር ይወጣል!»

ሀብተ ማርያም ወሬውን የሰማው መኪና ሲያጥብ ነው፤ ውሃው እግሩ ላይ ሲፈስስ አልተሰማውም።

«ሆነ ብለሽ ነው!» አላት፣ በወጥ ቤቱ በር አንገቱን አስግጎ።

«እኔ ስለ ብርዝ ነው የተናገርኩት።»

«በጾም ከምድር መነሣት አይፈቀድልኝም። ለባባ አስረጂልኝ።»

«ኤልያስ ሲያርግ በልቶ ነበር እንዴ?»

«እርሱ በእሳት ሠረገላ ነው የሄደው!»

«እርሱን ማን እንዳጠበቀው አይታወቅም። የእርስዎን ግን እናውቃለን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከእጅጌው ሥር ያለውን አውቃለሁ። ባባ ልጆች አሉት። ዐርብ ሳይመጣ ይንገሩት፤ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ።»

«አንቺን ንገሪ ያለሽ ማን ነው? ራሴ እነግረዋለሁ!»

አልነገረውም። ሰኞ ባባ ደስተኛ ስለ ነበረ ደስታውን ማጥፋት ከበደው፤ ማክሰኞ ባባ ተቈጥቶ ስለ ነበረ ቁጣውን መጨመር ከበደው፤ ረቡዕ ደግሞ ጾም መሆኑ ትዝ አለው። ሐሙስ «ነገ እነግረዋለሁ» ብሎ ለራሱ ማለ። ሰው እውነትን የሚያሳድርበት ምክንያት አጥቶ አያውቅም፤ የሚያጣው ቀን ነው።

ዐርብ ረፋድ ላይ ከእርሻው ጀርባ ያለው ጠፍ መሬት እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ ይጠብቃል። ማዳም ሀፊዛ በመኪናዋ ውስጥ መስታወቱን ዘግታ ተቀምጣለች። አመለወርቅ ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆማ ሀብተ ማርያምን በዐይኗ ይዛዋለች፤ ከንፈሯም ሊናገር ተከፍቷል። ሞተሩ ተነሣ፤ አቧራው ተነሣ፤ ሀብተ ማርያም ግን በወንበሩ ላይ ተተክሏል። ባባ የራስ ቁሩን እያጠለቀ ወደ እርሱ ዞረ።

«ጠብቋል?»

ዕድሜ ልኩን ያላመነው ቃል ምላሱ ላይ መጣ። በግራ በኩል ያለችው የጨርቅ እጅጌ ስትርገበገብ አየ።

«ባባ፣ ያጥፉት!»

«ምን?»

«ሞተሩን ያጥፉት! ከልክ በላይ ጠብቋል!»

ወረደና እጅጌውን ቀደደው። ባባ ተንበርክኮ ጣቱን በስንጥቁ ላይ አሳለፈ።

«ይህን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ።»

«የነገርኸኝ ግን ዛሬ ነው።»

«ዛሬ እኔም ተሳፋሪ ሆንኩ፣ ባባ።»

ከስንጥቁ ይልቅ ይህ ቃል ይከፋ ነበር፤ ሁለቱም ዐወቁት። ማዳም ሀፊዛ መስታወቷን ዝቅ አድርጋ «ዛሬውኑ ወደ አገሩ ይሂድ!» ብላ ጮኸች። ባባ ወደ አመለወርቅ ዞሮ «አንቺስ?» አላት።

«እስከ ዛሬ ጊዜ ሰጥቼው ነበር» አለች። «እኔም ሁለት እጅጌ ሰፍቻለሁ፤ ይቅርታ።»

ባባ አሸዋውን ከጉልበቱ አራገፈ። ሀብተ ማርያምን ቢያባርረው ይቀል ነበር፤ እርሱ ግን ከዚያ የባሰ ቅጣት አገኘለት።

«አንተ ከዛሬ ጀምሮ ብሎን አታጠብቅም። ያጠበቅኸውን ሁሉ ትፈታለህ። አመለወርቅ በመርፌዋ ታጠብቃለች።»

ያን ክረምት፣ ዶሃ እንደ ምድጃ ስትግል፣ ሀብተ ማርያም መቶ ዐርባ ስድስት ብሎን ፈታ። በዐሥራ አንዱ ሥር የእግዜር ድርሻ ቱቦውን አጉድጉዶት ተገኘ። እርሱ እያንዳንዱን ሲያቀብል አመለወርቅ ቀጭኑን መፍቻ ትይዛለች፤ መርፌዋ ከልኳ ስትደርስ ታቆማለች።

«ትንሽ ጨምሪ፤ ሩብ ዙር ብቻ» ይላል እርሱ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ቱቦ ያቀብሉኝ ታዲያ?» ትለዋለች፤ እርሱም ቀጣዩን ብሎን ያቀብላታል። በመስከረም ግን መርፌዋ ከመድረሷ በፊት «ተይ፣ በቃ» የሚለው እርሱ ሆነ።

አዲሶቹ ዘንጎች መጥተው ተገጠሙ። በ1991 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ነፋሱ ሲበርድ፣ ሁሉም ዳግመኛ ጠፍ መሬቱ ላይ ተሰበሰቡ። ባባ ወንበሩ ላይ ወጥቶ «ያላ፣ ግባ ቀማሽ!» አለ።

ሀብተ ማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። «ባባ፣ በእኛ አገር የሚቀምሰው ያቀረበው ነው። እኔ ፈቺ ነኝ። ያጠበቀችው እርሷ ናት።»

አመለወርቅ ደረቷን በእጇ ያዘች። «እኔ? እኔ እንኳ...»

«እውነቱን ነው!» አለች ማዳም ሀፊዛ ከመኪናዋ ውስጥ። «ያለ ቀማሽ ባሌን አላስነሣም። ግቢ!»

አመለወርቅ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ የመጨረሻዋን ማማተብ ወደ ሀብተ ማርያም አቅጣጫ ስታደርግ ግን በረከት አትመስልም ነበር። ነጠላዋን ከራስ ቁሩ ሥር ሸጉጣ ገባች። አውሮፕላኑ እየዘለለ ሮጠ፤ ከዚያ መዝለሉን ተወ፤ በጎኑ ነጭ የነጠላ ጠርዝ እያውለበለበ ከተምሮቹ በላይ ወጣ። ሀብተ ማርያም መፍቻውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። የግራው ዘንግ በታጠፈ ቁጥር እርሱም አብሮ ይታጠፍ ነበር። ለራሱ ሲፈራ የኖረው ፍርሃት ትንሽ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ዐወቀ።

ከሦስት ዙር በኋላ አረፉ። አመለወርቅ እየተንገዳገደች ወረደች፤ ፊቷ እንደ ክንፉ ጨርቅ ነጥቷል። መሬቱን በእግሯ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ካረጋገጠች በኋላ ራስ ቁሩን አወለቀች።

«ቀምሼዋለሁ» አለች። «ለሰው ይቀርባል። ያላ፣ ጋሽ ሀብቴ፣ ይግቡ!»

ሀብተ ማርያም አስቀድሞ በግራው ክንፍ ሥር ጎንበስ አለ፤ ብሎኑን በጣቱ ዳሰሰ።

«ጠብቋል?»

«በልኩ።»

«የእግዜር ድርሻስ?»

«እርሱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሲደርሱ ራስዎ ይጠይቁት።»

ወጥቶ ተቀመጠ። ቀበቶውን አስሮ አንድ ጊዜ ሳበው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሊስብ እጁን ዘረጋና ተወው።