አውጪው እኔ ነኝ

ሆጤ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ከጎረቤት ግቢ ድቤ ሲመታ ሰማሁ። መንዙማ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። ይሄኔ ነው መምህር ሰይድ ትዝ የሚለኝ።

በደርግ ጊዜ አማርኛ ያስተማረን እሱ ነበር፤ ያኔ ገና ወጣት ነበር። ግጥም ሲያስተምረን ወረቀት አያስነካንም። "በቃል ያዙት" ይለንና፣ እንደ መንዙማ በየተራ ስለ መብታችን ስንኝ ያስወጣናል።

ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከተወሰደ ሰንብቷል።

"ወንድሜን ወሰዱት ሳይፈርድበት ዳኛ፤
ይህን የሰማ ሰው እንዴት አርፎ ተኛ?"

ክፍሉ በሙሉ እያጨበጨበ ተቀበለኝ። ጭብጨባው ሳይበርድ በሩ ተበረገደና የቀበሌው ካድሬ ሽጉጡን እንደታጠቀ ገባ።

"ይችን ግጥም ያወጣው ማነው?"

ኮርቼ ልነሳ ስል መምህር ሰይድ ቀደመኝ።

"አውጪው እኔ ነኝ። ልጆቹ ተቀባይ ናቸው።" ካድሬው እየገፋ ሲያስወጣው በአጠገቤ አለፈ። "ተቀባይ አይጠየቅም" አለ መምህር ሰይድ፣ ማንንም ሳያይ።

እኔ የገባኝ ስንኜን እንደቀማኝ ብቻ ነው። እያለቀስኩ ቤት ገብቼ "እማ፣ መምህራችን ግጥሜን የኔ ነው አለ!" አልኳት። ግጥሙን ስነግራት አፌን በመዳፏ ከደነችው።

"ወላሂ፣ ሁለተኛ ካንቺ አፍ እንዳልሰማው!"

መምህር ሰይድም ወንድሜም አልተመለሱም። ዛሬም የጎረቤት ተቀባዮች ድምፅ ከፍ ሲል አፌን በመዳፌ እይዛለሁ። አውጪዋ እኔ ነበርኩ።