የቆጠርሁት ዘር ሲፈተን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ይታይሽ ከዳንግላ መጣች። እዚያ ባዮሎጂ ታስተምራለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ዘር ግን እቆጥራለሁ። በቆሰበር ዙሪያ ልጁን የሚድር ሁሉ፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር አስቀድሞ እኔን ይጠይቃል። ተሳስተሃል ያለኝ ሰው የለም።

ለተማሪዎቿ የምታሳየውን ትልቅ ወረቀት መደቡ ላይ ዘረጋችው። ባለ ቅርንጫፍ ስዕል ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ጉማሬ... አጠገቡ ዓሣ ነባሪ። ዘመዳሞች ናቸው አለችኝ። ሳቅሁባት።

«ማን አይቶ ቆጠረው? እኔ እንኳ ከአባቴ አፍ ሰምቼ ነው።»

«ማየት አያስፈልግም አባባ፤ ይፈተናል» አለች። ደማቸውን የመረመሩት ሰዎች ዘመድ ናቸው አሉ። እንዲያ ከሆነ፣ ዓሣ ነባሪ ድሮ እግር በነበረው ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ የጉማሬን መምሰል አለበት። ባይመስል ስዕሉ ይቀደድ ነበር። ቆፍረው አጥንቱን አገኙት... መሰለ።

«እርስዎስ ምን ቢገኝ ነው ተሳስቻለሁ የሚሉት?»

«ምንም ቢገኝ አልልም» አልኋት።

ነገሩን ወዴት እንደምትወስደው ያኔ ገባኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልየው የሚባል የአዲስ ቅዳም ከተማ ልጅ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ትወደው ነበር። እኔ ስቆጥር አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ጀምበሬ የሚባል የሩቅ አያት አለን፤ እኛ ከመጀመሪያ ሚስቱ፣ እነልየው ከሁለተኛይቱ ልጅ ከፈንቴ። እህትና ወንድም ናቸው ብዬ ሽማግሌዎቹን መለስሁ። እሷ እስከ ዛሬ አላገባችም።

ወረቀቷን ጠቀለለችና ነገረችኝ። ሁለት ሰው ጠይቃለች፤ አንዷ የልየው አክስት፣ ሌላው ከእኛው ወገን ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት። ተገናኝተው አያውቁም። ለምን እንደጠየቀችም አልነገረቻቸውም። ፈንቴ የማን ልጅ ነው፣ ይኸው ነው ጥያቄዋ። ሁለቱም አንድ ነገር መለሱላት... ሁለተኛይቱ ሚስት ጀምበሬን ስታገባ ፈንቴን አዝላ ነው የመጣች። የእንጀራ ልጅ ነው። ከእኛ ጋር ጠብታ ደም የለው።

እኔም ጠየቅኋት።

«ታዲያ ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ለምን ዝም አሉ?»

«እርስዎ ቆጥረው ማን ተሳስተዋል ይላል? ደግሞስ አያቴ የእንጀራ ልጅ ነው ብሎ አደባባይ የሚናገር ማን አለ?»

ልየው ሦስት ልጆች አሉት።

ይህን በስልኳ የምትጽፍልኝ እሷው ናት። መጨረሻው ላይ «ተሳስቻለሁ» ብለሽ ጻፊ አልኋት። ጣቷ ቆመ።

«አልሰማሁዎትም አባባ፤ ይድገሙልኝ» አለች።

ሰምታኛለች... ቢሆንም ደገምሁላት።