«አረፉ» የምትለው ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አባቴ በሥራ ተዛውሮ አሰበ ተፈሪ በገባን በሁለተኛው ክረምት፣ ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረው ታናሽ ወንድሜ ሞተ። እናቴ አላለቀሰችም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች «እንባዋን ታውጣው እንጂ» እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ ተኛች ልበል እንጂ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። እህል መቅመስም ተወች። እናቴም ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አባቴ መቻራ፣ ቦርደዴ እያለ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ማንን ልጠይቅ?

ጎረቤታችን ሞሚና ጫት ነጋዴ ነበረች። ከገበያ ስትመለስ የጫቱ ሽታ ከሻሿ ጋር አብሯት ይገባል። አማርኛዋ ለገበያ ያህል ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ አባቴን ሳይቀር፣ «አንተ» ነው የምትለው። የእናቴም ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። አንድ ቀን መግሪብ ሰግዳ፣ የቡና ገለባ በወተት አፍልታ፣ ሆጃዋን በማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ከአባቴ መጻሕፍት አንዱን አነሳችና እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አንብቢልኝ» አለቻት።

«አማርኛው መቼ ይገባሻል?»

«አንቺ አንብቢ። መስማት የኔ ሥራ ነው።»

እናቴ አነበበች፤ ቶሎ ለመገላገል ይመስለኛል። ሞሚና ግን በማግስቱም መጣች፣ በሳልስቱም። ያኔ ፋኖሱን መሃል አስቀምጠን፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እኔ ፍሙ አጠገብ ኩርምት ብዬ አዳምጥ ነበር። መጽሐፉ ሁለት ዘመን የሚያፈራርቅ ልብ ወለድ ነው፤ አንዱ ምዕራፍ ስለ አንዲት ልጅ፣ ቀጣዩ እናቷ ወጣት ሳለች ስለነበረው ጊዜ። ሞሚና መከራዋን በላች።

«ቆይ፣ ይህቺ የትኛዋ ናት? ትናንት ያረጀችው ሴትዮ ዛሬ እንዴት ነው የምትዳረው?»

እናቴ ገጹን ወደ ኋላ ገልጣ፣ በዚያ በደከመ ድምጿ ታስረዳታለች። ስታስረዳ ሆጃውን ፉት ማለት ጀመረች። እኔም በልቤ አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ እያልኩ እቆጥርላት ነበር።

አንድ ምሽት «እናትየዋ ብዙ ታመው በመጨረሻ አረፉ» የሚል ቦታ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አቆመች። የሞሚና ፊት ግን በራ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አረፈች። ደክሟት ነበር። ነገ ትነሳለች።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «ሞሚና፣ አረፉ ማለት እኮ ሞቱ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አረፈች ትላላችሁ?»

«ለትልቅ ሰው ነው። ለአክብሮት።»

«ለሕፃንስ?»

እናቴ ዓይኗን ወደ መጽሐፉ መለሰች። ሞሚና ጠጋ አለችና ትከሻዋን ያዘቻት። «ልጁ አርፏል» አለቻት ቀስ ብላ። «አሁን አንቺም እረፊ።»

«ልትቀብሪኝ ነው እንዴ?» አለች እናቴና ሳቀች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያኔ ገና ማየቴ ነው። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ፤ ያ ሁሉ ጊዜ የታመቀው እንባ ወረደ። ሞሚና ደንግጣ «ምን አልኩ? ምን አልኩ?» ትላለች፣ እቅፍ አድርጋ እንደያዘቻት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ፍርሃቱ ግን ለቆኝ ነበር።

ሲወጣላት እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና «አንቺስ? ወልደሽ አታውቂም?» ብላ ጠየቀቻት። በሰፈሩ ይህን የጠየቃት ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሞሚና በአማርኛ ጀመረች፤ ቃሉ አልበቃ ሲላት ወደ ኦሮምኛዋ ዞረች። የምታወራው ስለቀበረቻት ሴት ልጇ ነበር። እኔ ከልጆች ጋር ስጫወት ቋንቋውን ለምጄ ስለነበር ላስተረጉምላት አፌን ስከፍት፣ እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። መጽሐፉን አጠፈች፣ የሞሚናን እጅ ያዘች፣ ዓይን ዓይኗን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

መጽሐፉን ይጨርሱት አይጨርሱት ትዝ አይለኝም። ዛሬ እኔ ራሴ አርጅቻለሁ፤ ደክሞኛል፣ አልዋሽም። ሰው ይመጣል፣ «አይዞሽ» ይላል፣ ምክሩን ይደረድራል፣ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ግን፣ የምለው ባይገባትም እንኳ፣ ጨርሼ እስካወጣው ድረስ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነው።